አንዴ ተጭኖ መገላገል፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

ግንቦት ሲጋመስ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ብቅ በሉ። ወረፋው በረንዳው ላይ ወጥቷል። አንዱ ፍላሹን እያወዛወዘ «የገጽ ቁጥሩ ከምዕራፍ አንድ ይጀምርልኝ» ይላል። አንዷ ማመልከቻ ታስጽፋለች። ሌላው «ጉርድ ፎቶ ቶሎ በሉኝ፣ ባጃጅ አስቁሜ ነው!» ይላል። እኔ የምውለው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንድ ሰው ፎቶ ሲያመጣ 3 በ4 ሴንቲሜትር አድርጌ፣ ስምንት ቦታ ደርድሬ እስካትም ድረስ ማውሱን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ነካሁት። ሁሌም ያው ቅደም ተከተል፣ ሁሌም ያው ሜኑ። እጄ እንጂ ጭንቅላቴ እዚያ የለም። አስቡት፣ 25 ሰከንድ የሚፈጅ ነገር በቀን 40 ጊዜ ብትደጋግሙ 1,000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 17 ደቂቃ። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 100 ደቂቃ ማለት ነው። ያውም ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ።

እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ሥራ በአንድ ቁልፍ መገላገል ይቻላል። ይህን ለሰው ስናገር ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ «ያቺን በየቁልፏ ሥዕል ያለባትን ሰሌዳ ልግዛ?» ነው። ዩቲዩብ ላይ አይተዋታል። እኔም አይቼ ጓጉቻለሁ። አሁን ግን መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የምትደጋግሙት ሥራ የሚኖረው የት ነው? አንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው፣ ወይስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል? ቁልፉን የምትጫኑትስ እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው? መሣሪያው ከዚህ በኋላ ራሱ ይመረጣል።

መጀመሪያ ቤት ያለውን

ሥራው ከአንድ ፕሮግራም የማይወጣ ከሆነ ምንም አትግዙ፣ ምንም አትጫኑ። ፕሮግራሙ ራሱ መፍትሔውን ይዞ ነው የመጣው።

ከፎቶሾፕ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኔን የገላገለኝ እሱ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ አክሽን የሚባል ነገር አለ። ከ1996 ጀምሮ (በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከ4ኛው ቅጂ አንስቶ ያለ ነገር ነው። መቅጃውን ትከፍታላችሁ፣ ሥራውን አንዴ በእርጋታ ትሠራላችሁ፣ መቅጃውን ትዘጋላችሁ። ከዚያ ለዚያ ቅጂ ከላይ ካሉት የኤፍ ቁልፎች አንዱን ትሰጡታላችሁ። የኔ ኤፍ 5 ናት።

«ግን የሰው ፊት ሁሌ አንድ ቦታ አይደለም እኮ» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። አክሽኑ ሲዘረዘር ከአንዳንዱ እርምጃ በስተግራ ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ስትነኩ ያ እርምጃ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እኔ መቁረጫው ላይ ብቻ ነው የማስቆመው። ኤፍ 5ን እጫናለሁ፣ የመቁረጫው ሳጥን ይመጣል፣ ፊቱን በእጄ አስተካክዬ ኤንተር እላለሁ። ቀሪው ራሱ ይሄዳል፦ በኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም 354 በ472 ፒክሰል ይሆናል፤ ከዚያ 10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ አራት አራት ሆኖ በሁለት ረድፍ ይደረደራል። ስምንት ፎቶ፣ ዙሪያውን ለመቀስ የሚሆን ነጭ ቦታ ተርፎት። ከሠላሳው ክሊክ የቀረኝ ሦስት ነው።

ወርድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ማክሮ፣ ማለትም የሠራችሁትን ቀድቶ የሚደግም ነገር፣ ይፈልጋል፤ ማክሮ ግን አያስፈልገውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ስታስተካክሉ የምትደጋግሙት ምንድን ነው? ርዕሱን ማድመቅ፣ መጠኑን መቀየር፣ የመስመር ርቀቱን 1.5 ማድረግ። ይሄ የስታይል ሥራ ነው። አንዴ ስታይሉን አዘጋጅታችሁ ቴምፕሌት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ማውጫውም ራሱ ይወጣል። አማካሪው ነገ «ርዕሱን 14 አድርገው» ቢል አንድ ቦታ ትቀይራላችሁ፣ 90 ገጽ አብሮ ይቀየራል። ማክሮ ይህን አይሰጣችሁም።

ለተደጋጋሚ አንቀጽ ደግሞ ኤፍ 3 አለች። የማመልከቻውን መግቢያ ትመርጣላችሁ፣ አልት እና ኤፍ 3ን አብራችሁ ትጫናላችሁ፣ አጭር ስም ትሰጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጽፋችሁ ኤፍ 3 ስትሉ አንቀጹ ሙሉ ይመጣል። ስንት ዓመት ከወርድ ጋር ኖሬ ይህችን ያወቅኳት ዘግይቼ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኤክሴል ላይ ማክሮ በእርግጥ ያስፈልጋል። ወርሃዊ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የሽያጭ ማጠቃለያ የመሳሰለውን ትቀዳላችሁ፣ ከላይ ባለችው ትንሽ የቁልፍ መስመር ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ስትቀዱ ዝም ካላችሁት «ቢ 5» ብሎ ቦታውን ነው የሚይዘው፤ ነገ ሌላ መስመር ላይ ቆማችሁ ብታስነሱትም ተመልሶ ቢ 5 ላይ ይሠራል። ከመቅዳታችሁ በፊት አንጻራዊ አድራሻ የሚለውን አብሩት። ሁለተኛ፣ ማክሮ የሠራውን በኮንትሮል ዜድ መመለስ አይቻልም። መጀመሪያ ፋይሉን ሴቭ፣ ከዚያ ማክሮ። ሦስተኛ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮን ማይክሮሶፍት ከ2022 ወዲህ ዝም ብሎ ይዘጋዋል። ክፈትልኝ ብላችሁ አትታገሉት። በ1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በወርድ ፋይል ማክሮ ነው።

ሥራው ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲዘል

ስሙን ከኤክሴል ወስዶ ወርድ ላይ፣ ከወርድ ወስዶ ድረ ገጽ ቅጽ ላይ። እዚህ ጋ የፕሮግራሙ የራሱ ማክሮ አይደርስም። በዊንዶውስ ላይ በነጻ የሚገኙ ሁለት አማራጮች አሉ፤ ጠባያቸው ግን እንደ ሐይቅና ወንዝ ይለያያል።

አንደኛው የማይክሮሶፍቱ ፓወር አውቶሜት ዴስክቶፕ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 ሶፍቶሞቲቭ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ ያመጣው ነገር ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ያለ ክፍያ ሆነ፣ በዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ አብሮ ይመጣል። ኮድ የለም። «ይህን ፋይል ክፈት፣ ይህን ሳጥን ሙላ፣ ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚሉ ዝግጁ እርምጃዎችን እየጎተታችሁ ትደረድራላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ቁልፉን የሚያውቀው በስሙ መሆኑ ነው፣ በስክሪን ላይ ባለበት ቦታ አይደለም። መስኮቱ ወደ ቀኝ ቢንሸራተት ግራ አይጋባም።

ጉዳቱስ? ከባድ ነው። ራሙ 4 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ላይ ያቃስታል። በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ይፈልጋል፤ በግል አካውንት ከሆነ የሠራችሁትን የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ነው። ኔት ሲሄድ ምን እንደሚሰማችሁ መገመት አያቅትም። በነጻው ደግሞ «በየማታው 12 ሰዓት ራስህ ጀምር» ማለት አይቻልም፣ እናንተው ናችሁ የምታስነሱት።

ሁለተኛው አውቶሆትኪ ነው። ነጻ፣ ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ። በፍላሽ ይዛችሁ ዞራችሁ የትም ትጭኑታላችሁ፤ ኔት የለ፣ አካውንት የለ። «ኤፍ 8 ስትጫን ይህን ጻፍ» የሚል አንድ መስመር ኖትፓድ ላይ መጻፍ ከቻላችሁ ጀምራችኋል። ግን ኮድ ነው። ሐዋሳ ላይ ብዙ ሰው ኮድ ሲባል «ይሄማ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ነገር ነው» ብሎ ይሸሻል። አትሽሹ። አንድ መስመር ነው ያልኳችሁ። ስትፈልጉ የምታገኙት ናሙና ግን ብዙው በአሮጌው፣ በ1ኛው ቅጂ የተጻፈ ነው፤ 2ኛው ቅጂ በታኅሣሥ 2015 በእኛ አቆጣጠር ነው በይፋ የወጣው፣ አጻጻፉም ይለያል። ናሙናው አልሠራ ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ እኛ ጉድ ልምጣ። የውጭ ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁ ነገር ይሄ ነው።

አውቶሆትኪ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ ምህጻረ ቃል ስትጽፉ ወደ ሙሉ ጽሑፍ መቀየር ነው፤ ሌላው ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ነገር ማድረግ። ፈረንጆቹ የሚያደንቁት የመጀመሪያውን ነው። ለእኛ ግን እንቅፋት አለው፦ የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ የላቲኑ ምህጻረ ቃል ገና ስትጽፉት ወደ ፊደል ይቀየርና ማንም አያውቀውም። እኛ ቤት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አማርኛ፣ ሲዳምኛና እንግሊዝኛ ይጻፋል። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሆነ ኪቦርዱ ሲቀያየር ነው የሚውለው። ስለዚህ ምህጻረ ቃሉን ተዉት። የኤፍ ቁልፎችን ወይም ኮንትሮልና አልትን አጣምራችሁ ተጠቀሙ። ኤፍ 8 በአማርኛም ኤፍ 8 ናት። ስክሪፕቱን፣ ማለትም ትእዛዙን የጻፋችሁበትን ፋይል፣ ሴቭ ስታደርጉም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ «ጉዳዩ» የሚለው ቃል የተመሰቃቀለ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ሌላው ቀኑ ነው። ደብዳቤ ሁሉ ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የካቲት ላይ «ዓመቱን በ8 ቀንስ» ብዬ ጻፍኩና ኮራሁ። ሠራ። ስድስት ወር ሙሉ ሠራ። መስከረም ሲጠባ የሁሉም ሰው ማመልከቻ ባለፈው ዓመት ተጽፎ ይወጣ ጀመር። አንዲት እናት መልሰው አምጥተው «ልጄ፣ እኔ እንኳ አልተማርኩም፣ ግን ዓመቱ ዘንድሮ አይደለም» አሉኝ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 መሆኑን እያወቅኩ ረሳሁት።

እንደ እኔ አትሁኑ። ሲሰላ ሌላም ወጥመድ አለ፦ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ የሚቀጥለው መስከረም 1 ደግሞ በፈረንጅ በ11 ሳይሆን በ12 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር 2016 የገባው እንዲያ ነበር። ይህን ያላወቀ ስክሪፕት ወራት ሙሉ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ብዙ ቀን የምትጽፉ ከሆነ ይህን በደንብ አስልቶ የሚሠራ ስክሪፕት ማሠራት ተገቢ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደስ ብሎት የሚሠራላችሁ ተማሪ አይጠፋም።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ? ድረ ገጽ ቅጽ መሙላትና ብዙ ፋይል ማገላበጥ ከሆነ፣ ኮምፒውተራችሁም ደህና ከሆነ፣ ፓወር አውቶሜት። ጽሑፍ፣ ቀን፣ ፕሮግራም መክፈት፣ ማተም ከሆነ አውቶሆትኪ። እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን ነው የያዝኩት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከማንም በፊት የሚነሳው እሱ ስለሆነ። ማክ ያላችሁ ሾርትከትስ ከ2021 ጀምሮ አብሮ ተጭኖላችኋል፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ቁልፉ በጣት የሚነካ ሲሆን

ሥዕል ወዳለባት ሰሌዳ መጣን። በብዛት የምትታወቀው የኤልጋቶ ስትሪም ዴክ ናት፤ የመጀመሪያዋ በ2017 ወጣች። ዋናዋ 15 ቁልፍ አላት፣ ትንሿ 6፣ ትልቋ 32። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስክሪን አለ፣ የፈለጋችሁትን ሥዕል ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ታስቀምጡበታላችሁ። አንዷ ቁልፍ ተከታታይ ሥራ ትይዛለች፦ ፕሮግራሙን ክፈት፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ይህን ተጫን። ፎቶሾፕ ስትከፍቱ ቁልፎቹ ራሳቸው ወደ ፎቶሾፕ ቁልፍ እንዲቀየሩ ማድረግም ይቻላል።

ግን ልብ በሉ፤ ሰሌዳዋ ራሷ ምንም አትሠራም። ማክሮውን፣ አክሽኑን፣ ስክሪፕቱን ቀድማችሁ ካልሠራችሁ 15 የሚያበሩ ሥዕሎች ናቸው ያላችሁ። ባለ 15ቷ አሜሪካ ውስጥ ወደ 150 ዶላር ናት፤ እዚህ ከመጣች ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ካለ ዘመድ ጋር ነው። ብቻችሁን የምትሠሩና ኪቦርድ የለመደ እጅ ያላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

አንድ ሁኔታ ግን ሐሳቤን አስቀይሮኛል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስትመጣ ስድስት ሾርትካት በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። በሳምንቱ ወረቀቱ ሻይ ፈሶበት አገኘሁት። «ጋሼ፣ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያየኝ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁልፉን የሠራው ሰው ኤፍ 8 ምን እንደሆነች ያውቃል፤ ሌላው ግን የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ብዙ ሰው በፈረቃ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ከሆነ «ጉርድ»፣ «ማመልከቻ»፣ «ቀን» የሚል የሚታይ ቁልፍ ዋጋ አለው።

ለዚያም ቢሆን መጀመሪያ በስልክ ሞክሩት። ስትሪም ዴክ ለስልክ የሚሆን አፕ አለው፣ እስከ 6 ቁልፍ በነጻ። ተች ፖርታል የሚባልም አለ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይበቃል። ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ኢንተርኔቱ ራሱ ባይኖርም፣ የሞደሙ ካርድ ቢያልቅም ይሠራል። የሚያበሳጨው መብራት ሲጠፋ ሞደሙ አብሮ መጥፋቱ ነው። ላፕቶፑ ይሠራል፣ ቁልፎቹ የሉም።

እኛ በመጨረሻ የያዝነው ከሁሉም ርካሹን ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ኪቦርድ፣ ናምፓድ። የቁጥር ክፍል የሌለው ላፕቶፕ ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፦ አውቶሆትኪ የናምፓዷን 1 ከላይኛው 1 ለይቶ ያውቃል፣ ስለዚህ ወደ 16 ባዶ ቁልፍ አገኛችሁ ማለት ነው። ናምሎክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ሲጠፋ የቁጥሮቹ ቁልፎች ስም ይቀየርና ዝም ይላሉ። ዴስክቶፕ ከሆነና ኪቦርዱ የራሱ ናምፓድ ካለው ግን አይሆንም፣ አውቶሆትኪ ብቻውን ሁለቱን ኪቦርድ አይለይም።

ከመጫናችሁ በፊት

አንድ ጊዜ ናምፓዷ ላይ «ሦስት ኮፒ አትም» የምትል ቁልፍ አደረግኩ። ፕሪንተሩ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ልጅቷ ተጫነች፣ ዝም አለ። ደገመች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ባለ 86 ገጽ ጽሑፍ ነበር። ፕሪንተሩ ሲነቃ 12 ኮፒ ይዞ ነቃ፣ ሁለት ደስጣ ወረቀት የሚበላ! ግማሹ ላይ ደርሰን ነው ሶኬቱን የነቀልነው። ተማሪው ቆሞ ያያል፣ «እኔ ለሦስቱ ነው የምከፍለው» ይላል። ምን ይበል።

ከዚያ ወዲህ የሚያትም፣ የሚያጠፋ፣ የሚልክ ቁልፍ ሁሉ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ መስመር ኮድ ነው። ኤስኬፕን ስትጫኑ ሁሉንም የሚያቆም ሌላ አንድ መስመርም ጨምሩ። «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» ከማለት ይልቅ «መስኮቱ እስኪከፈት ጠብቅ» በሉት፤ ኮምፒውተሩ አንዳንድ ቀን በሰከንድ፣ አንዳንድ ቀን በአሥር ሰከንድ ነው የሚከፍተው፣ ጽሑፉም ሌላ ሰው ደብዳቤ ውስጥ ይገባል። የይለፍ ቃል ደግሞ ስክሪፕት ውስጥ በጭራሽ አትጻፉ። ኖትፓድ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል፣ እኛ ቤት ደግሞ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ እናንተም ታውቃላችሁ።

ናምፓዷ አሁንም አለች። ቁጥር 5 ላይ ልጅቷ ከጉርድ ፎቶ የተረፈ የራሷን ፊት ለጥፋበታለች፣ ቁጥር 9ን ደግሞ በቀይ ፕላስተር ጠቅልላዋለች። የማተሚያዋ ናት።